ሁለት ለዜሮ ወይም ባዶ እጅ

ጎበዝ፣ ቡድኑ ከሜዳው ውጪ ከባድ ጨዋታ ሲጠብቀው እንቅልፍ የሚያጣ ደጋፊ ሁሉ ግንቦት 18 ቀን 1981 ዓ.ም.ን ማወቅ አለበት።

እኛ አገር የግንቦት 8ቱ መፈንቅለ መንግሥት ከተሞከረ ገና አስር ቀኑ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ የሊጉ የመጨረሻ ጨዋታ አርብ ማታ አንፊልድ ላይ ሊካሄድ ነው። ሊቨርፑል 76 ነጥብ፣ አርሰናል 73። አርሰናል የሊጉ ሻምፒዮን ከሆነ 18 ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ጨዋታዎች በገዛ ሜዳው በደርቢ ተሸንፎ፣ ከዊምብልደን ጋር አቻ ወጥቷል። አሁን በሁለት ጎል ልዩነት ካላሸነፈ አለቀለት!

ጨዋታው መጀመሪያ የተያዘው ለሚያዝያ ነበር። የተራዘመው ሂልስቦሮ ስታዲየም ውስጥ የሊቨርፑል ደጋፊዎች በግፊያ ስላለቁ ነው፤ የሟቾቹ ቁጥር በኋላ 97 ደርሷል። የአርሰናል ተጫዋቾች አበባ ይዘው ገብተው ለተመልካቹ ሰጡ።

ደጋፊ ቢሆን «አጥቁ!» ይል ነበር። አሰልጣኙ ጆርጅ ግራሃም ግን ሁለት ጎል እየፈለገ ሦስት የመሀል ተከላካይ አሰለፈ። እረፍት የወጡት 0 ለ 0 ነው። በ52ኛው ደቂቃ አለን ስሚዝ በጭንቅላት አገባ። ከዚያ ሰዓቱ ነጎደ፣ ነጎደ... ባለቀ ሰዓት ማይክል ቶማስ ሁለተኛዋን ጨመረ! ነጥብ እኩል 76፣ የጎል ልዩነት እኩል 37። አርሰናል ብዙ ጎል በማግባት፣ 73 ለ 65 በልጦ፣ ዋንጫውን ወሰደ።

እንግዲህ ከባድ ጨዋታ ሲመጣ ብትፈራ አይፈረድብህም። ግን እረፍት ላይ ተስፋ ቆርጠህ ወደ ቤትህ አትሂድ። አንዳንዴ 0 ለ 0ም እቅድ ነው።