ልብ ወለድ በክርስቲያን ቤት

ከገዳሪፍ ወደ ኢትዮጵያ የሚያመራው ጎዳና ድንበሩ ላይ ሲደርስ ጋላባትንና መተማን ያገናኛል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት በዚህ ስፍራ በብዛት ሠፍረው የነበሩት ተክሩሮች ናቸው። ከምዕራብ ለሐጅ ወደ መካ ተነሥተው በመንገድ የቀሩ ተጓዦችና ልጆቻቸው ሲሆኑ፣ ሼኻቸው ለግብፅም ለኢትዮጵያም ይገብር ነበር። ቡና፣ ጥጥና ሰም በሚሸጥበት በዚያ ገበያ አብዛኛው ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ወይም ወደ ሌላ ቦታ የሚሄድ ነበር።

ወደዚህች የመንገደኞች ከተማ በ1860ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሌሎች መንገደኞች ደረሱ። በስዊዘርላንድ፣ በባዝል አጠገብ፣ በ1840 የተመሠረተው የቅድስት ክሪሾና ማኅበር ራሱን የሚጠራው «የተሳላሚዎች ሚሲዮን» ብሎ ነበር። ከኢየሩሳሌም እስከ ጎንደር በአሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ስም አሥራ ሁለት ጣቢያዎች ለመትከል አስቦ ከከፈታቸው ጥቂቶች አንዱ በመተማ ነበር። ዕቅዱ በወባና በገንዘብ እጦት ሳይፈጸም ቀረ። በዚያ ዘመን ሚሲዮናውያን የሚያድሉት የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም የመንገደኛ ሥራ ነው፤ ጎጃሜው አቡ ሩሚ በካይሮ ተቀምጦ የተረጎመው ሲሆን፣ ሙሉው የታተመው ማኅበሩ በተመሠረተበት በዚያው በ1840 ነው።

እስከዚህ ያለው ታሪክ በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ነው። ብዙ ያልተወሳው፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ በኋላ ከአውሮፓ ወደ አማርኛ ከገቡት ቀደምት መጻሕፍት አንዱ ስብከት ሳይሆን ሕልም መሆኑ ነው። እንግሊዛዊው ጆን ቡንያን ያለ ፈቃድ ሰበክህ ተብሎ ከ1660 ጀምሮ አሥራ ሁለት ዓመት በቤድፎርድ ታሰረ። በ1678 ያሳተመው መጽሐፍ «ክርስቲያን» የሚባል ሰው ሸክሙን በጀርባው ተሸክሞ ከጥፋት ከተማ ወደ ሰማያዊቱ ከተማ ሲጓዝ ያሳያል። ይህንን መጽሐፍ ገብረ ጊዮርጊስ ተርፌ ወደ አማርኛ መልሶት በ1892 ታተመ። መተማ ያን ጊዜ ለመጽሐፍም ለነጋዴም የምትመች አልነበረችም። ዐፄ ዮሐንስ ከወደቁባት ከመጋቢት 1889 በኋላ በድርቡሽ እጅ ነበረችና ስለ መንገደኛው የተጻፈው መጽሐፍ በመንገደኞቹ ከተማ በኩል ሊገባ አይችልም ነበር።

ቡንያን ሥራውን ለወዳጆቹ ባሳየ ጊዜ ከፊሎቹ አሳትመው፣ ከፊሎቹ ተወው አሉት። የከለከሉት ምክንያት ዛሬም በብዙ ክርስቲያን ቤት የሚሰማው ነው፦ ያልሆነን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ መጻፍ ሐሰት አይደለምን? ልጁ ልብ ወለድ ይዞ ሲቀመጥ «ከዚህ ውሸት ይልቅ ዳዊትህን ድገም» የሚል አባት የቡንያንን ወዳጆች ጥያቄ መጠየቁ ነው። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን በዚያው በዳዊት ሕይወት ውስጥ መልስ የሚሆን ነገር አለ። ነቢዩ ናታን አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድኻ ሲነግረው ንጉሡ እውነተኛ ክስ መስሎት ተቈጣ፣ ፈረደም፤ ፍርዱም በራሱ ላይ ሆነ። ናታን ኃጢአቱን በቀጥታ ቢነግረው ኖሮ ዳዊት እንዲያ ተቈጥቶ ይፈርድ ነበር ማለት ያስቸግራል። ከናታን ጋር ሲነጻጸር ቡንያን እንዲያውም ጠንቃቃ ነው፤ ገና ሲጀምር ያየሁት ሕልም ነው ይላል።

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ነገሩ ከሚሲዮናውያን ጋር የመጣ አይደለም። ከቡንያን መጽሐፍ 125 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1553፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አባ ዕንባቆም «በርላአምና ይዋሴፍ»ን ከዐረብኛ ወደ ግእዝ መለሰ። ዕንባቆም የመናዊ ሲሆን ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ክርስትናን ተቀብሎ የደብረ ሊባኖስ ዕጨጌ ለመሆን የበቃ ነው። መጽሐፉ ሕመምን፣ እርጅናንና ሞትን እንዳያይ አባቱ በእልፍኝ የዘጋበትን የሕንድ ንጉሥ ልጅ ታሪክ ይተርካል። መነኵሴው በርላአም ዕንቍ ሻጭ ነጋዴ መስሎ ይገባና ልጁን ያስተምረዋል። ትምህርቱም በምሳሌ ነው፤ ከገደል አፍ በዛፍ ተንጠልጥሎ፣ ነጭና ጥቍር አይጥ ሥሩን ሲቈርጡት እያየ ከቅርንጫፉ የሚንጠባጠብ ማር የሚልስ ሰው በዚያ ይገኛል። ነጩ አይጥ ቀን፣ ጥቍሩ ሌሊት ነው። የ19ኛው ምዕተ ዓመት ሊቃውንት የታሪኩን ምንጭ ሲመረምሩ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ሆኖ አገኙት። ይህን ሰምቶ የሚደነግጥ ይኖራል። ይሁን እንጂ ታሪኩ ከሕንድ ተነሥቶ፣ በዐረብኛ አልፎ፣ በአንድ የመናዊ እጅ ግእዝ እስኪናገር ድረስ በየደረሰበት ሰውን ለንስሓ ያነሣሣ ነበር። ይዋሴፍ የሚባል የንጉሥ ልጅ በሕይወት አለመኖሩ ማሩን ለሚልሰው ሰው ምን ያቀልለታል?

አማርኛም ለዚህ ጽሑፍ ያገኘለት ስም ከነገሩ ጋር ይስማማል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1908 ሮም ላይ ያሳተመው የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ «ልብ ወለድ ታሪክ» ተባለ፤ በሕዝብ ዘንድ «ጦቢያ» በሚለው ስም ይታወቃል። እሱም የአንድ ክርስቲያን ቤተ ሰብ ታሪክ ሆኖ አረማዊው ንጉሥ ሲያምን ይፈጸማል፤ ፍጻሜው ትንሽ የፈጠነ ቢመስልም።

ከሁሉ ይልቅ ወደ ቡንያን የቀረበው ግን ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ነው። በቤተ ክህነት ትምህርት ያደገው ይህ ሰው በ1915 ዓ.ም. ያሳተመው «ወዳጄ ልቤ» የእንግሊዙን ሕልም መንገድ የተከተለ ነው። ሆኖም ቅጂ አይደለም። የቡንያን መንገደኛ ሚስቱንና ልጆቹን ትቶ ጣቱን በጆሮው ከትቶ ይሮጣል፤ የኅሩይ ሰው ደግሞ ከገዛ ልቡ ጋር እንደ ባልንጀራ እየተወያየ ይሄዳል። ትርጕም ማለት ይህ ከሆነ መልካም ትርጕም ነው። ኅሩይ ኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነ፤ ኢጣሊያ አገሩን በያዘች ጊዜ ተሰደደ፤ በ1938 (እ.ኤ.አ.) በስደት ሳለ ዐረፈ፤ ያረፈውም በቡንያን አገር በእንግሊዝ ነው።