አስመስሎ መሥራትና መነሻ መውሰድ በእጅ ቦርሳ ፋሽን

በእጅ ቦርሳ ፋሽን አስመስሎ መሥራት ማለት የአንድን ታዋቂ ቦርሳ ቅርጽ፣ ጌጥ ወይም የንግድ ምልክት በመቅዳት ገዥው ከዋናው እንዳይለየው ወይም የዋናውን ዝና እንዲያስታውስ አድርጎ መሥራት ነው። መነሻ መውሰድ ደግሞ ከቀደመ ሥራ ሐሳብ አግኝቶ ሌላ፣ የራስ የሆነ ሥራ መፍጠር ነው። በሁለቱ መካከል ያለው መስመር ከአገር አገር ይለያያል፤ ብዙ ጊዜም የት ላይ እንዳለ የሚታወቀው ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ በኋላ ነው። በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመቶች፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቃላቱ

በገበያ ላይ «ፌክ» የሚለው ቃል ለሁሉም ነገር ይውላል፤ በሕግ ግን ጠባብ ትርጉም አለው። ሐሰተኛ ዕቃ የሚባለው የሌላ ሰው የተመዘገበ የንግድ ምልክት ያለ ፈቃድ የተለጠፈበት ወይም የታተመበት ነው። «ሻኔል» የሚል ጽሑፍና የተቆላለፉ ሁለት «ሲ» ፊደላት ያሉበት፣ ሻኔል ግን ያልሠራው ቦርሳ ሐሰተኛ ነው። እንደ ሻኔል ቦርሳ በተደራራቢ ስፌት የተሠራ፣ የሰንሰለት ማንገቻ ያለው፣ ምልክቱን ግን ያልያዘ ቦርሳ ሌላ ጉዳይ ነው። በቅርብ ዓመታት በማኅበራዊ ሚዲያ «ዱፕ» እየተባለ የሚጠራው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ሲሆን፣ አብዛኛው ክርክር የሚነሳውም በእሱ ላይ ነው።

ቅጅን ለመከላከል የተወለደ ጌጥ

ቅጅ ከቅንጦት ቦርሳ ንግድ ጋር አብሮ ያደገ ነው። ሉዊ ቪቶን በ1854 በፓሪስ የጉዞ ሻንጣ ሱቁን ከከፈተ በኋላ፣ ሌሎች ሠሪዎች ሸራ የለበሱ ሻንጣዎቹን ይቀዱበት ጀመር። ድርጅቱ በ1872 ባለ መስመር ሸራ፣ በ1888 ደግሞ የዳማ ገበታ የሚመስለውን «ዳሚዬ» አወጣ። ሁለቱም ተቀዱ። በ1896፣ ሉዊ ካረፈ ከአራት ዓመት በኋላ፣ ልጁ ዦርዥ ቪቶን የአባቱን ስም የመጀመሪያ ፊደላት ከአበባ ቅርጾች ጋር ያጣመረውን ሞኖግራም ሠራ። ዓላማው ጌጡ ራሱ የባለቤቱን ስም እንዲናገርና ቅጅን እንዲያስቸግር ነበር። የሆነው ግን ተቃራኒው ነው ማለት ይቻላል፤ ሞኖግራሙ ዛሬ በዓለም ላይ እጅግ ከሚቀዱት ጌጦች አንዱ ነው።

ዳሚዬም የራሱን ፈተና አይቷል። በ2015 የአውሮፓ ኅብረት ጠቅላላ ፍርድ ቤት የዳማው ንድፍ ምዝገባ እንዲሰረዝ የተሰጠውን ውሳኔ አጸና። ተራ የዳማ ገበታ ከጥንት ጀምሮ ያለ ጌጥ ስለሆነ፣ ገዥው እሱን ብቻ አይቶ ይህ የእገሌ ሥራ ነው ብሎ እንደሚለይ አልተረጋገጠም ማለት ነው።

ቢርኪን

የመስመሩን አስቸጋሪነት በደንብ የሚያሳየው የኤርሜስ ድርጅት «ቢርኪን» ቦርሳ ነው። ታሪኩ በሰፊው የታወቀ ነው፤ የድርጅቱ ኃላፊ ዣን ሉዊ ዱማ ከፓሪስ ወደ ለንደን በሚሄድ አውሮፕላን ከተዋናይቷና ዘፋኟ ጄን ቢርኪን አጠገብ ተቀመጠ። እሷ ለወጣት እናት የሚሆን ሰፊ ቦርሳ እንደማይገኝ ነገረችው፤ ከንግግራቸውም በ1984 ቦርሳው ተወለደ። ቅርጹ ራሱ ከባዶ የመጣ አይደለም። ክዳኑ፣ ቀበቶ መሳዩ መዝጊያና ትንሿ ቁልፍ ኤርሜስ ቀደም ብሎ ከሠራቸው ቦርሳዎች፣ ከእነሱም ጀርባ ድርጅቱ በ1837 ከተነሳበት የፈረስ ዕቃ ሥራ የተወረሱ ናቸው። ልዩነቱ እዚህ የወሰደው ከራሱ ቤት መሆኑ ነው።

የቢርኪን ስፌት የኮርቻ ስፌት ይባላል። ሠራተኛው በሰም የተቀባ አንድ የበፍታ ክር በሁለት መርፌ ይይዝና ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ ያሳልፈዋል። ክሩ በአንድ በኩል ቢበጠስ በሌላው በኩል ያለው ይይዛል። የመኪና ስፌት ግን ሁለት ክሮችን እርስ በእርስ የሚያቆላልፍ ስለሆነ፣ አንዱ ሲበጠስ ስፌቱ ሊተረተር ይችላል። ሐሰተኛ ቦርሳ የሚመረምሩ ባለሙያዎች ስፌቱን ቀድመው የሚያዩት ለዚህ ነው። በእርግጥ ዛሬ በእጅ የሚሰፉ ሐሰተኞችም አሉ፤ ያን ጊዜ ስፌት ብቻውን አይበቃም።

በ2024 መጨረሻ በአሜሪካው ዋልማርት ድረ ገጽ በሌሎች ነጋዴዎች የቀረበ፣ ቢርኪንን የሚመስልና ዋጋው መቶ ዶላር የማይሞላ ቦርሳ በማኅበራዊ ሚዲያ ተወራ። ሰዎች የዋልማርትንና የቢርኪንን ስም አጋጭተው «ዊርኪን» አሉት። የኤርሜስ ስም አልተጻፈበትም፤ ክዳኑ፣ መዝጊያውና ሁለት እጀታው ግን ያው ነበሩ። ብዙም ሳይቆይ ከሽያጭ ወረደ። አብዛኞቹ ገዥዎች እውነተኛ ቢርኪን ነው ብለው አልተታለሉም፤ ያስደሰታቸውም ፌክ መሆኑ በግልጽ መታወቁ ነበር። ጥያቄው እንግዲህ ማንም ካልተታለለ ጥፋቱ የት ላይ ነው የሚል ይሆናል። የባለ ምልክቶቹ መልስ፣ ቦርሳውን መንገድ ላይ የሚያየው ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ ቅርጹም በየቦታው ሲበዛ ልዩነቱን ያጣል የሚል ነው።

ሕጉ ምኑን ይጠብቃል?

በአሜሪካ ቦርሳ እንደ መገልገያ ዕቃ ስለሚቆጠር አጠቃላይ ቅርጹ በቅጅ መብት አይጠበቅም። ከዕቃው ተነጥሎ ሊታሰብ የሚችል ጌጥ ግን ሊጠበቅ እንደሚችል ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2017 በስታር አትሌቲካ ጉዳይ ወስኗል። ለቅርጹ የሚቀሩት መንገዶች ለ15 ዓመት የሚቆየው የንድፍ ፓተንትና ቅርጹን እንደ ንግድ ምልክት ማስመዝገብ ናቸው። ሁለተኛው ጊዜ አይገድበውም፤ ነገር ግን ባለቤቱ ሕዝቡ ቅርጹን አይቶ የሠሪውን ማንነት እንደሚለይ ማስረዳት አለበት። ይህን መስፈርት ያጸናው የ2000 ዓመተ ምሕረቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ነው፤ የሚገርመው በዚያ ጉዳይ የሕፃናት ልብስ ቀዳህ ተብሎ ተከሶ የረታው ራሱ ዋልማርት ነበር። ኤርሜስ የቢርኪንን ቅርጽ በአሜሪካ በ2011 አስመዝግቧል።

አዲስ ሠሪ ግን ይህን መንገድ መጠቀም ይከብደዋል። ቅርጹ እስኪታወቅ ዓመታት ይወስዳል፤ እስከዚያ ማንም ሊቀዳው ይችላል። ስለዚህ ሕጉ በተግባር ከጀማሪው ይልቅ ታዋቂውን ይጠቅማል።

በፈረንሳይ ሁኔታው ሌላ ነው። እዚያ የመገልገያ ዕቃ ንድፍም እንደ ማንኛውም የጥበብ ሥራ የራስ ፈጠራ እስከሆነ ድረስ በቅጅ መብት ይጠበቃል። በአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ያልተመዘገበ ንድፍ እንኳ ለሕዝብ ከቀረበበት ቀን አንሥቶ ለሦስት ዓመት ከመቀዳት ይጠበቃል፤ የተመዘገበው እስከ 25 ዓመት ሊደርስ ይችላል። አንድ ቦርሳ ኒው ዮርክ ላይ «መነሻ የወሰደ»፣ ፓሪስ ላይ ግን «የተቀዳ» ሊባል የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ዳፐር ዳን

ቀጅና ተቀጂ ቦታ የተለዋወጡበት ታሪክ ከሃርለም የመጣ ነው። ዳንኤል ዴይ፣ በቅጽል ስሙ ዳፐር ዳን፣ በ1982 በኒው ዮርክ 125ኛው መንገድ ላይ ሱቅ ከፈተ። የጉቺን፣ የሉዊ ቪቶንንና የፌንዲን ምልክቶች ቆዳ ላይ እያተመ እነዚህ ድርጅቶች ያን ጊዜ ፈጽሞ የማይሠሯቸውን ጃኬቶች፣ ካፖርቶችና የመኪና መቀመጫ ልብሶች ይሠራ ነበር። ደንበኞቹ የሂፕ ሆፕ ዘፋኞችና እንደ ማይክ ታይሰን ያሉ ስፖርተኞች ነበሩ። በሕግ ዓይን ምልክቶቹን ያለ ፈቃድ መጠቀሙ ግልጽ ነበር፤ ከፌንዲ ጠበቆች አንዷም በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ የሆነችው ሶኒያ ሶቶማዮር ነበረች። ሱቁ በ1992 ተዘጋ።

በ2017 ጉቺ ፍሎረንስ ላይ ባቀረበው ትርኢት እጅጌው እንደ ፊኛ የተነፋ ጃኬት ታየ። ዳፐር ዳን በ1980ዎቹ ለኦሎምፒክ ሯጯ ዳያን ዲክሰን ከሠራው ጃኬት ጋር እጅግ ይመሳሰል ነበር፤ ልዩነቱ በቀድሞው ላይ የነበረው የሉዊ ቪቶን ምልክት በጉቺ መተካቱ ነው። ቁጣው ሲበረታ ጉቺ ለዳፐር ዳን ክብር የተሠራ ነው አለ። ነገሩ በትብብር አለቀ፤ በ2018 በጉቺ ድጋፍ በሃርለም አዲስ የልብስ መሥሪያ ቤት ከፈተ። ክብሩ የተገለጸው ስሙ ከተጠራ በኋላ መሆኑን ግን ልብ ይሏል።

ከርካሹ ወደ ውዱ

ቅጅ ሁልጊዜ ከላይ ወደ ታች አይሄድም። በ2017 ባሌንሲያጋ 2,145 ዶላር የሚሸጥ ሰማያዊ የቆዳ ቦርሳ አወጣ። የስዊድኑ ኢኬያ በ99 ሳንቲም ከሚሸጠው የፕላስቲክ ዘንቢል ጋር በቀለምም በቅርጽም ይመሳሰል ነበር። ኢኬያ አልከሰሰም፤ ዋናውን ዘንቢል እንዴት መለየት እንደሚቻል የሚያስተምር የቀልድ ማስታወቂያ አወጣ፤ ሲነቀነቅ ካልተንኮሻኮሸ ዋናው አይደለም የሚል ዓይነት።

በምዕራብ አፍሪካ «ጋና መስት ጎ» የሚባለው ባለ ካሬ መስመር የፕላስቲክ ሻንጣ ነገር ግን አያስቅም። ስሙ በ1983 ናይጄሪያ ወረቀት የሌላቸውን ስደተኞች፣ ብዙዎቹ ጋናውያን፣ ስታባርር ሰዎች ንብረታቸውን በእሱ ጠቅልለው ከመውጣታቸው ጋር የተያያዘ ነው። ሉዊ ቪቶን በ2007 የጸደይ ስብስቡ ይህንኑ ጌጥ ለቅንጦት ቦርሳ ተጠቀመበት። የመንገደኛው ሻንጣ ከሳሽ ባለቤት ስለሌለው ጉዳዩ ሕግ ፊት አልቆመም፤ «መነሻ» መባሉም ማንንም አላስቸገረም።

ትንሹ ሠሪ ዝናው ሲጠብቀውም አለ። ቴልፋር ክሌመንስ ከ2014 ጀምሮ የሚሸጠው፣ ስሙ በክብ ውስጥ የታተመበት ቦርሳ በዋጋው መጠነኛነት ይታወቃል። በ2021 ጌስ የሚባለው ድርጅት ስም የያዘ፣ በቅርጹም በክብ ምልክቱም በጣም የሚመስለው ቦርሳ ገበያ ላይ ሲታይ የቴልፋር ደንበኞች ጩኸት አሰሙ፤ ቦርሳውም ከሽያጭ ተነሳ። ክስ አላስፈለገም።

ቀልድና ጥበብ

አሜሪካ ውስጥ ቀልድ ሰፊ ቦታ ይሰጠዋል። ማይ አዘር ባግ የተባለ ድርጅት በአንድ በኩል «ሌላኛው ቦርሳዬ…» የሚል ጽሑፍ፣ በሌላ በኩል የሉዊ ቪቶን ቦርሳ የካርቱን ሥዕል ያለበት የሸራ ከረጢት ይሸጥ ነበር። ሉዊ ቪቶን ከሰሰ፤ በ2016 በይግባኝም ተረታ፤ ማንም ሸራውን ከቆዳው ጋር አያምታታም ተባለ።

ሜሰን ሮትስቺልድ ግን ይህ አልሠራለትም። «ሜታቢርኪን» ብሎ ፀጉራም የቢርኪን ምስሎችን በዲጂታል መልክ ሸጠ፤ የጥበብ ሥራ ነው ሲልም ተከራከረ። በየካቲት 2023 የኒው ዮርክ ዳኝነት ሸንጎ አባላት ለኤርሜስ ፈርደው 133,000 ዶላር ካሳ ወሰኑ። ከረጢቱ በዋናው ላይ ሲቀልድ፣ ምስሉ የዋናውን ስም ራሱን መሸጫ አድርጎታል፤ በሁለቱ ውሳኔዎች መካከል ያለው ዋነኛ ልዩነት ይህ ይመስላል።

ጉዳቱና ክርክሩ

የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ባወጣው ግምት በ2019 ሐሰተኛ ዕቃዎች ከዓለም ንግድ 2.5 በመቶውን፣ ማለትም 464 ቢሊዮን ዶላር ያህሉን ይዘዋል። ግምቱ መድኃኒትና መለዋወጫን ሁሉ የሚጨምር ነው። ጣሊያን ሻጩን ብቻ ሳይሆን ገዥውንም እስከ 7,000 ዩሮ ትቀጣለች።

በሌላ በኩል የሕግ ምሁራኑ ካል ራውስቲያላና ክሪስቶፈር ስፕሪግማን በ2006 ባሳተሙት ጥናት ቅጅ ፋሽንን ይጠቅማል ብለው ተከራክረዋል። አንድ ቅርጽ በየመንገዱ ሲበዛ ባለጸጎቹ ይሰለቹታል፤ ሌላ ይፈልጋሉ፤ ኢንዱስትሪውም ይሽከረከራል። ሐሳቡ ለየወቅቱ ልብስ የሚያሳምን ቢሆንም፣ እንደ ቢርኪን ለአርባ ዓመት ሳይለወጥ ለሚሸጥ ቦርሳ ያን ያህል አይሠራም።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የቦርሳ ንድፍ በአዋጅ ቁጥር 123/1987 ሥር እንደ ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ፣ ስምና ምልክቱ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 501/1998 ሥር እንደ ንግድ ምልክት ሊመዘገብ ይችላል፤ እነዚህ ዓመቶች በኢትዮጵያ አቆጣጠር ናቸው። የንግድ ምልክት ምዝገባ ለሰባት ዓመት የሚጸና ሲሆን በየጊዜው ይታደሳል። መዝጋቢው የአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

ንድፍ ለመመዝገብ አዲስ መሆን አለበት። ስለዚህ አንድ የአዲስ አበባ ቆዳ ሠሪ የራሱን አዲስ የቦርሳ ቅርጽ ማስመዝገብ ሲችል፣ ቦርሳው ላይ የሚያሳርፈውን የቆየ የጥበብ ጥለት ግን የእኔ ብቻ ነው ሊል አይችልም፤ ያን ጥለት በመኪና አትሞ በርካሽ የሚያመጣውን አስመጪም በዚሁ መንገድ ሊከለክለው አይችልም። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች በታተመ ጥበብ ላይ የሚያሰሙት ቅሬታ ከዚህ ክፍተት ጋር ይገናኛል።