ወዳጅ ሲለወጥ

አሶሳ ገበያ አጠገብ ቡና እየጠጣን ከአንድ የበርታ አዛውንት ጋር ስለ ኩርሙክ ስንጫወት፣ «እኛ እኮ ወሬ የምንሰማው ከመንግሥት ቀድመን ነው» አሉኝ። ማጋነን መስሎኝ ነበር። ግን ከአሶሳ ወደ 100 ኪሎ ሜትር የምትርቀው ኩርሙክ ኢትዮጵያም ውስጥ አለች፣ ሱዳንም ውስጥ አለች፤ ወዲህም ወዲያም በርታ ነው። ገበያተኛው ሲሻገር ወሬው አብሮት ይሻገራል። መንግሥታት ግን መረጃ የሚቀባበሉት ወዳጅ እስከሆኑ ድረስ ነው። ወዳጅነቱ ደግሞ እዚህ ድንበር ላይ ስንቴ ተገለባብጧል!

በደርግ ጊዜ አዲስ አበባ የጆን ጋራንግን ጦር ትረዳ ነበር፤ ካርቱም በበኩሏ ሻዕቢያንና ኦነግን አስጠጋች። በ1982 ዓ.ም. ሁለቱ በሱዳን በኩል ገብተው አሶሳን ያዙ። በአካባቢው ተጠልለው የነበሩ ሱዳናውያን ስደተኞች ዳግም ተሰደዱ። ደርግ ሲወድቅ ኢሕአዴግ ከካርቱም ጋር ተወዳጀ፤ የጋራንግ ሰዎች ከኢትዮጵያ ወጡ።

ይህም አልዘለቀም። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ የመጡት ሆስኒ ሙባረክ ከቦሌ ወደ ከተማ ሲገቡ ተኩስ ተከፈተባቸው። ያተረፋቸው ጥይት የማይበሳው መኪናቸው ነው፤ መኪናው ከካይሮ እንዲመጣ የወተወቱት የስለላ ሹሙ ኦማር ሱሌይማን እንደነበሩ ይነገራል። ኢትዮጵያ 3 ተጠርጣሪዎች ሱዳን ተሸሽገዋል አለች፤ የጸጥታው ምክር ቤትም በጥር 1988 ዓ.ም. በውሳኔ ቁጥር 1044 ሱዳን አሳልፋ እንድትሰጣቸው ጠየቀ። ኢትዮጵያ፣ ኤርትራና ዩጋንዳ በአሜሪካ አይዞአችሁ ባይነት በካርቱም ላይ አበሩ። በጥር 1989 ዓ.ም. የሱዳኗ ኩርሙክ በጋራንግ ጦር እጅ ገባች። ካርቱም የኢትዮጵያ ጦር አለበት ብላ ከሰሰች፤ ኢትዮጵያ አስተባበለች። በዚያ ዘመን ነው የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ የተከፈተው።

ግንቦት 1990 ዓ.ም. ላይ ኢትዮጵያና ኤርትራ ራሳቸው ጦር ተማዘዙ። በ1995 ዓ.ም. ደግሞ ኢትዮጵያ ሱዳንንና የመንን ይዛ ሰንዓ ላይ ሽብርን ስለ መከላከል ትመክር ነበር። ተከሳሽ የነበረችው ሱዳን አጋር ሆነች፤ አጋር የነበረችው ኤርትራ ጠላት።

መረጃ መለዋወጥ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። የሙባረክ ጉዳይ ራሱ አንድ አገር ብቻውን ሽብርን እንደማይከላከል ያሳየ ነው። የአፍሪካ የደኅንነት ተቋማት ኮሚቴ፣ ሲሳ፣ በነሐሴ 1996 ዓ.ም. አቡጃ ላይ ተመሥርቶ መቀመጫውን አዲስ አበባ ያደረገው ለዚሁ ነው። ነገር ግን ለወዳጅ የሰጡትን መረጃ ወዳጅነቱ ሲያበቃ መልሱልኝ አይሉትም። ማን አሸባሪ እንደሆነ የሚናገረው ዝርዝርም ይለወጣል፤ በአንድ ወቅት አሶሳን የያዘው ኦነግ በ2003 ዓ.ም. በአሸባሪነት ተፈርጆ በ2010 ዓ.ም. ስሙ ተሰርዟል።

አዛውንቱን ይህን ሁሉ ስነግራቸው ስኒያቸውን አስቀመጡና፣ «ከእኛ ወሬ ሲፈልጉ ሁሉም ይመጣሉ፤ ጦር ሲመጣ ግን ሽሹ ብሎ የነገረን የለም» አሉኝ።