አባ ማስያስ በእርጅናቸው ዘመን

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አባቶቻችን። ይህ ምሳሌ በማን ላይ እንደ ተፈጸመ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር፣ ሰባ ዓመት ከሞላቸው በኋላ፣ ጤናቸው ተጓድሎ፣ ከሥራቸው ተሰናብተው፣ ከሚወዱት አገር ተሰደው ሳለ ብዕር ያነሡትን አንድ ሽማግሌ ካህን እጠቅስለታለሁ። እኚህም ሰው በአገራችን አባ ማስያስ፣ በአገራቸው ደግሞ ጉልየልሞ ማሳያ የተባሉት የካፑቺን መነኵሴ ናቸው።

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት የታሪክ ጽሑፍ እንዳቀርብ በታዘዝሁ ጊዜ በመጀመሪያ ያሰብሁት ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አበጋዞች ነበር። ነገር ግን ስለ ጀግኖች ብዙ ተጽፏል። ስለ ታመመና ስለ ደከመ ሽማግሌ ግን የሚጽፍ ጥቂት ነው። እኛ ወጣቶች ደግሞ ጡረታ የወጣን ሰው ሥራውን የጨረሰ፣ ከእንግዲህ ወዲያ የሚጠበቅበት ነገር የሌለ አድርገን የማየት ልማድ አለን። ይህ አስተያየት ትክክል መሆን አለመሆኑን በእኚህ ካህን ሕይወት ልንመረምረው እንችላለን። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።)

በሞጆ ደረቅ ወደብ አጠገብ የሚያልፍ ሰው ከጂቡቲ የመጡ ኮንቴይነሮች እንደ ግንብ ተደራርበው፣ የጭነት መኪኖችም በሰልፍ ቆመው ያያል። ከባሕር ወደ መካከለኛው ኢትዮጵያ የሚያመጣው ይህ አቅጣጫ ግን በመኪናና በባቡር የተጀመረ አይደለም። ከባቡሩም በፊት የግመል ቅፍለት ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ እየተነሣ፣ የአፋርን በረሃ እያቋረጠ፣ አዋሽን እየተሻገረ ወደ ሸዋ ይወጣ ነበር። አባ ማስያስም በ1868 ወደ ሸዋ የገቡት በዚሁ አቅጣጫ ነው። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ተቃርቦ ነበር። ዛሬ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር ጥላ ባለው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ እየደከመው የሚጨርሰውን መንገድ፣ እኚህ ሰው በፀሐይና በጥም ሳምንታት ፈጅተው ነው የዘለቁት።

የሕይወታቸውን መጀመሪያ በአጭሩ ልናገር። የተወለዱት ሰኔ 8 ቀን 1809 በሰሜን ኢጣልያ፣ ፒየሞንቴ በሚባለው ግዛት፣ ፒዮቫ በተባለች መንደር ነው። በ1826 የካፑቺንን ልብስ ለበሱ፤ በ1832 ቅስና ተቀበሉ። ከ1834 ጀምሮ በቶሪኖ ከተማ በሚገኘው የማውሪዚያኖ ሆስፒታል የሕሙማን ካህን ሆነው ሲያገለግሉ፣ በዚያው ከሐኪሞቹ ዘንድ የሕክምናንና የቀዶ ጥገናን መጀመሪያ ትምህርት አገኙ። ይህ ዕውቀት ወደ ፊት ከስብከታቸው ይልቅ ስማቸውን እንደሚያስጠራው ያን ጊዜ የጠረጠረ አልነበረም። በ1846 ለኦሮሞ አገር ሚሲዮን ጳጳስ ተብለው ተሾሙና በዚያው ዓመት መጨረሻ ምጽዋ ደረሱ። በጥር 1849 ሌላውን የታወቁ ሚሲዮናዊ፣ አቡነ ያዕቆብ የተባሉትን ዩስጢኖስ ደ ያቆቢስን በምጽዋ ጳጳስ አድርገው የቀቡ እርሳቸው ናቸው።

ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ግን ስድስት ዓመት ያህል ፈጀባቸው። መንገዱ በሰሜን በኩል ስለ ተዘጋባቸው፣ ስማቸውን ለውጠው፣ ነጋዴ መስለው በሱዳን በኩል ዞሩና በኅዳር ወር 1852 ጉድሩ ገቡ። ከዚያም ወደ ሊሙ እናርያና ወደ ከፋ ዘለቁ። በ1861 ከከፋ ተባረሩ። በ1863 ከኦሮሞ አገር ሲመለሱ በዐፄ ቴዎድሮስ ሰዎች እጅ ወድቀው ተለቀቁ። በአውሮፓ በቆዩባቸው ጥቂት ዓመታት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስው አዘጋጅተው በ1867 በፓሪስ አሳተሙ። ቀጥሎም ከላይ በተናገርሁት መንገድ ወደ ሸዋ መጡ።

ይህ ሁሉ ለሰውነት ከባድ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሁሉ ዘመን ሐኪሙ እርሳቸው ነበሩ እንጂ በሽተኛው አልነበሩም። በዚያ ጊዜ ፈንጣጣ የሰውን ልጅ የሚያጭድ ማጭድ ነበር። አንድ መንደር ከገባ ሕፃን ከሽማግሌ አይለይም፤ ከሞት የተረፈውንም ወይ ዓይኑን ያጠፋዋል፣ ወይ ፊቱን ያዥጐረጕረዋል። አባ ማስያስ ክትባት መስጠት ጀመሩ። አሠራሩ ዛሬ በክሊኒክ እንደምናየው አይደለም። ማቀዝቀዣም መርፌም ስላልነበረ፣ ከተከተበው ሕፃን ክንድ ላይ ከወጣው እብጠት ፈሳሹን ወስዶ የሌላውን ክንድ ጫር ጫር በማድረግ ማሳለፍ ነበር። ስለዚህ መድኃኒቱን ከቦታ ወደ ቦታ የሚያደርሰው ጠርሙስ ሳይሆን የሕፃናት ክንድ ነበር። ረዳቶቻቸውንም ይህንኑ አስተማሩ። ብዙ ሺህ ሰው እንደ ተከተበ ይነገራል። ሕዝቡም እርሳቸውን ከፈንጣጣ ጋር አያይዞ የፈንጣጣ አባት እስከ ማለት ደረሰ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መጨመር ይገባኛል። አገራችን ፈንጣጣን ለመከላከል አንዳች የማታውቅ አልነበረችም። ከበሽተኛው ቁስል ፈሳሽ ወስዶ ጤነኛውን በትንሹ በማስያዝ ከከባዱ የማዳን ልማድ ከአባ ማስያስ በፊትም በልዩ ልዩ ክፍለ አገር ነበረ። ሕዝቡ የካህኑን ክትባት በቶሎ የተቀበለውም ምናልባት ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ ስላልሆነበት ይሆናል።

በሸዋ ንጉሥ ምኒልክ በልቼ ተቀብለው በአክብሮት አቈዩአቸው። ዛሬ አዲስ አበባ በተመሠረተችበት በፊንፊኔ ምድር የሚሲዮን ቦታ ሰጧቸው። ለዐሥራ አንድ ዓመት ያህል አባ ማስያስ የንጉሡ አማካሪ ሆነው ኖሩ። ነገር ግን በ1878 ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ የሃይማኖትን አንድነት ካወጁ በኋላ የውጭ አገር ሚሲዮናውያን በሸዋ መቀመጥ የማይቻል ሆነ። በ1879 አባ ማስያስ ከሸዋ እንዲወጡ ታዘዙ። ዕድሜያቸው ሰባ ዓመት ነበር። ወደ ንጉሠ ነገሥቱ ዘንድ ተወስደው፣ ከዚያ በሱዳን በኩል ከአገር ወጡ። ሰባ ዓመት የሞላው ሰው በዚያ ቈላ በበቅሎና በግመል ሲጓዝ ምን እንደሚደርስበት መገመት አያዳግትም። ጤናቸው ከእንግዲህ ወዲያ አልተመለሰም። በ1880 በሕመማቸው ምክንያት ሹመታቸውን ለረዳታቸው ለአባ ታውሪን ካኛ ለቀቁ።

እነሆ ታሪካችን ዋናው ቦታ ላይ ደረሰ። ብዙ ሰው የአንድን ሚሲዮናዊ ታሪክ ሲያወራ በዚህ ያቆማል፤ «ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ ዐረፈ» ይላል። ለእኔ ግን የሚደንቀው ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

አባ ማስያስ ከሮም ወደ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቃ በኮረብታ ላይ በምትገኘው በፍራስካቲ፣ በካፑቺኖች ገዳም ተቀመጡ። ር. ሊ. ጳ. ሊዮን 13ኛ በአፍሪቃ ያዩትንና የሠሩትን ሁሉ እንዲጽፉ አዘዟቸው። ለአንድ ጤነኛ ወጣት እንኳ ይህ ትእዛዝ ቀላል አልነበረም። እርሳቸው ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆነውን ነገር መጻፍ ነበረባቸው፤ በየስደቱ ማስታወሻዎቻቸው ጠፍተው ስለ ነበረም በአብዛኛው የተማመኑት በጭንቅላታቸው ላይ ነው። አንድ የገዳሙ ወንድም፣ አባ ጃቺንቶ ዘትሮይና፣ ጸሐፊያቸው ሆነው ረዷቸው።

የካፑቺን ገዳም ቀን በጸሎት ሰዓቶች የተከፋፈለ ነው። ጸሎት፣ ቅዳሴ፣ ሥራ፣ ማዕድ፣ ዝምታ፣ እንደ ገና ጸሎት። በዚህ ሥርዓት መካከል ነው መጽሐፉ ገጽ በገጽ የተሠራው። በ1884 ር. ሊ. ጳ. ካርዲናል አድርገው ሾሟቸው። ያን ጊዜ ሰባ አምስት ዓመታቸው ነበር። ካርዲናል ማለት በቤተ ክርስቲያናቸው ከር. ሊ. ጳ. ቀጥሎ ያለ ማዕርግ ነው፤ ሆኖም ካርዲናሉ የመነኵሴ ኑሯቸውን አልተዉም፤ ሥራቸውም አልተቋረጠም። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1885፣ «በላይኛው ኢትዮጵያ የሠላሳ አምስት ዓመት ሚሲዮኔ» የሚል ትርጕም ያለው የመጽሐፋቸው የመጀመሪያ ቅጽ ታተመ። መጽሐፉ በጠቅላላው ዐሥራ ሁለት ቅጽ ነው። የመጨረሻው የወጣው በ1895፣ እርሳቸው ከሞቱ ከስድስት ዓመት በኋላ ነው።

እንግዲህ አንድ ሰው ዕድሜውን በሁለት ከፍለን ብንመዝነው፣ ከሰባ ዓመት በፊት የሠራው ይበልጣል ወይስ ከሰባ ዓመት በኋላ የሠራው? በብርቱነታቸው ጊዜ ያቆሟቸው ብዙዎቹ የሚሲዮን ቤቶች ፈርሰዋል። በሕመማቸው ጊዜ ያስጻፉት መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ አለ። የ19ኛውን መቶ ዓመት የጉድሩን፣ የእናርያን፣ የከፋንና የሸዋን ኑሮ ለማወቅ የሚፈልግ የታሪክ ተማሪ፣ ስለ ገበያው፣ ስለ ሰርጉና ስለ ቀብሩ፣ ስለ ባሪያ ንግዱም መከራ ሲመረምር ወደዚህ መጽሐፍ ሳይመለስ አይቀርም።

ይሁንና ታሪክ የሚማር ሰው አመስግኖ ብቻ ማለፍ የለበትም። መጽሐፉ በእርጅና ዘመን ከትዝታ የተጻፈ ስለ ሆነ የጊዜና የነገር መፋለስ አለበት። ደራሲው የካቶሊክ ሚሲዮናዊ ስለ ነበሩም፣ በተለይ ስለ ኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የሚሰጡት ፍርድ ሚዛኑ የተስተካከለ አይደለም። ከዚህም በላይ በሸዋና በኢጣልያ መንግሥት መካከል ወዳጅነት እንዲጀመር የረዱ ሰው ናቸው። ይህ ወዳጅነት ወዴት እንዳመራ ሁላችንም እናውቃለን፤ የውጫሌ ውል በግንቦት 1889 ተፈረመ፤ ካርዲናሉ ከሦስት ወር በኋላ ሞቱ፤ የመጽሐፋቸው የመጨረሻ ቅጽ በወጣ በዓመቱ፣ በ1896፣ የዓድዋ ጦርነት ሆነ። አልፎ ተርፎም ፋሽስቶች አገራችንን በያዙበት ዘመን፣ በ1939፣ በሕይወታቸው ላይ ፊልም ሠርተው ለፕሮፓጋንዳቸው አዋሉት። የሞተ ሰው ስሙን ለማን እንደሚያውሉት ሊከለክል አይችልም። ስለዚህ እኛ አንባቢዎች የሰውየውን ሥራ ከተጠቀሙበት ሰዎች ሥራ ለይተን ማየት ይጠበቅብናል።

ካርዲናል ማሳያ ነሐሴ 6 ቀን 1889 በኔፕልስ አጠገብ በምትገኘው በሳን ጆርጆ አ ክሬማኖ በሰማንያ ዓመታቸው ዐረፉ። አስከሬናቸው እንደ ፈቃዳቸው በፍራስካቲ፣ መጽሐፋቸውን በጻፉበት የካፑቺኖች ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። በዚያም በስማቸው የተሰየመ የኢትዮጵያ ሙዚየም አለ። በታኅሣሥ 2016 ር. ሊ. ጳ. ፍራንቸስኮስ የቅድስና ምርመራቸው አንድ ደረጃ ከፍ እንዲል ፈቀዱ።

የእርሳቸው ዜና በአካባቢያችንም ፍሬ አለው። የኮንሶላታን ሚሲዮናውያን ማኅበር በ1901 በቶሪኖ የመሠረቱት ዮሴፍ አላማኖ ወደ ኦሮሞ አገር ሚሲዮናውያን ለመላክ የተነሣሡት የማሳያን ሥራ ተከትለው ነው። አላማኖ በጥቅምት 2024 ቅዱስ ተብለዋል። የማኅበራቸውም አባሎች በመቂ በኩል ባለው በስምጥ ሸለቆው ምድር አገልግለዋል። እንግዲህ በፍራስካቲ አንድ የታመመ ሽማግሌ ያስጻፈው ነገር ዞሮ ዞሮ በእኛ ደጃፍ ደርሷል ማለት ነው።

ፈንጣጣስ ምን ሆነ? በኢትዮጵያ የመጨረሻው በሽተኛ የታየው በ1976 ነው። በ1980 የዓለም ጤና ድርጅት በሽታው ከምድር ላይ መጥፋቱን አወጀ። ከወላጆቻችንና ከአያቶቻችን ክንድ ላይ የክትባቱን ጠባሳ እናያለን፤ በእኛ ክንድ ላይ ግን የለም። ይህን ጠባሳ የሚያዩ ልጆች ምንነቱን ይጠይቁ። መልሱ ረጅም ታሪክ ነው።

ጽሑፌን ከመጨረሴ በፊት አንድ የአገራችንን ሰው ልጥቀስ። የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካርዲናል የሆኑት ብፁዕ ካርዲናል ጳውሎስ ጻድዋ በ1985 ማዕርጉን ተቀበሉ፤ ይህም ማሳያ ካርዲናል ከሆኑ አንድ መቶ ዓመት ግድም በኋላ መሆኑ ነው። እርሳቸውም ፍትሐ ነገሥትን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕመው በ1968 ያበረከቱ ሊቅ ነበሩ። በ1998 ከሊቀ ጳጳስነታቸው ተሰናብተው በ2003 ዐረፉ። የሚሰናበት ሰው ከመንበሩ ይወርዳል እንጂ ከዕውቀቱ አይወርድም።

የተከበራችሁ ወላጆችና መምህራን፣ ውድ ጓደኞቼም፤ በየቤታችን፣ በየደብሩና በየገዳሙ ጉልበታቸው የደከመ፣ መድኃኒት በሰዓት የሚወስዱ፣ ለመነሣት ክንድ የሚፈልጉ ሽማግሎች አሉ። መድኃኒታቸውን ማቀበል ግዴታችን ነው፤ ግን እርሱ ብቻ አይበቃም። አባ ማስያስ አንድ ጸሐፊ ባያገኙ ኖሮ ዐሥራ ሁለቱ ቅጾች ከእርሳቸው ጋር ወደ መቃብር ሊወርዱ ይችሉ ነበር። እኛ ከዚህ ትምህርት ቤት ልንሰናበት የተዘጋጀን ተማሪዎች መጻፍ ተምረናል። ከዛሬ ጀምሮ እያንዳንዳችን በአንድ ሽማግሌ አጠገብ ደብተርና እርሳስ ይዘን ብንቀመጥ፣ በቃል ያለው ሳይረሳ በጽሑፍ ይወረሳል።