ስለ ትግራይ አነስተኛ የአፈር ግድቦችና ስለ አጠባበቃቸው

በትግራይ ዝናብ በአመዛኙ የሚዘንመው በሰኔና በመስከረም መካከል ነው። የቀሩት ወራት ደረቅ ስለሆኑ፣ የክረምቱን ውሃ ለበጋ ማዋል ለአገሩ ገበሬ የቆየ ጉዳይ ነው።

የቀድሞው ዘዴ ወንዝ መጥለፍ ነበር። ገበሬዎች በድንጋይ፣ በቅርንጫፍና በጭቃ ወንዙን እየጠለፉ ውሃውን በቦይ ወደ እርሻቸው ይመሩ ነበር። ጠለፋውን ጎርፍ ስለሚያፈርሰው ደጋግሞ መሥራት ግዴታ ነበር። ለዚህም ሕዝቡን ለሥራ የሚጠራ፣ ውሃውንም በተራ የሚያደላድል ሰው ከገበሬዎቹ መካከል ይመረጥ ነበር፤ እርሱም «አቦ ማይ» ይባላል፤ ትርጓሜውም የውሃ አባት ማለት ነው። ከሥራው የቀረ ሰው ይቀጣ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ አጋማሽ ሌላ ዓይነት ሥራ ተጀመረ። በክልሉ የተቋቋመ አንድ ኮሚሽን በ10 ዓመት ውስጥ 500 ግድቦችን ለመሥራት አቀደ፤ የተፈጸመው ግን የዕቅዱን አንድ አምስተኛ እንኳ አልሞላም። የእንዲህ ያለው ግድብ እምብርት ውሃ በማያሳልፍ ሸክላማ አፈር እየተጠቀጠቀ ይሠራል፤ በውሃው በኩል ያለው ፊቱ በድንጋይ ይለበጣል፤ በጎኑም ትርፍ ውሃ የሚወጣበት ማስተንፈሻ ይበጅለታል። ማስተንፈሻው ከተደፈነ ውሃው በግድቡ አናት ላይ ይፈስሳል፤ የአፈር ግድብም ይህን አይችልም። በግድቡ ጀርባ የበቀለ ዛፍ ሥሩ፣ አውሬም የሚቆፍረው ጉድጓድ ለውሃ መንገድ ይከፍታል። ስለዚህ ማስተንፈሻውን መጥረግ፣ ዛፉን መንቀል፣ ጉድጓዱን መድፈን የየዓመቱ ሥራ ነው።

ከሁሉ የከበደው ደለል ነው። ከተራቆተው ተራራ የሚወርደው አፈር አንዳንዶቹን ግድቦች ከታሰበላቸው ዘመን አስቀድሞ ሞላቸው። በሌሎቹም ውሃው ከሥር ሠርጎ ጠፋ፤ ነገር ግን ይኸው ሥርገት ከግድቡ በታች ያሉትን ምንጮችና የውሃ ጉድጓዶች ማበልጸጉ ታይቷል። እንደዚሁም እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመ ጥናት በግድቦቹ አጠገብ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የወባ በሽታ ርቀው ከሚኖሩት 7 እጥፍ ያህል መሆኑን ገልጿል።

ሁለቱ ዘዴዎች ሲነጻጸሩ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ጠለፋው ሲፈርስ ጉዳቱን ሁሉም ያይ ነበርና ሕዝቡ ለሥራ ይሰበሰብ ነበር። የግድብ ጉዳት ግን በስውር ይገባል። ቦዩን መጥረግና ውሃውን ማደላደል በአቦ ማይ ሥርዓት ሊቀጥል ይችላል፤ ደለል ማውጣት ግን ከአንድ መንደር ጉልበት በላይ ነው። ተራራውን በእርከንና በክልከላ መጠበቅም ከግድቡ ውሃ የማይጠጡትን የላይኛውን ተፋሰስ ገበሬዎች ይጠይቃል። እንግዲህ የግድቡ ዕድሜ የሚወሰነው ከግድቡ በላይና በታች ባሉት ሰዎች መካከል በሚደረገው ስምምነት ጭምር ነው።