10 ደቂቃ እና የ7 ሰዓት ጉዞ

አያቶች «ድሮ እኮ እንዲህ ሆኖ ነበር» ብለው ሲጀምሩ ስንቶቻችን ነን ጆሮ የምንሰጠው? ሲመሉ በምትባል ደሴት ግን እንዲህ ያለው ጨዋታ የብዙ ሺህ ሰዎችን ሕይወት አትርፏል።

ሲመሉ የኢንዶኔዥያ ደሴት ናት፤ ከሱማትራ በስተምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ትገኛለች። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 26 ቀን 2004 (ታኅሣሥ 17 ቀን 1997 ዓ.ም.) ጠዋት፣ ከደሴቷ ብዙም ሳይርቅ ከባሕሩ ወለል ሥር ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ተነሣ። መጠኑ 9.1 ነበር፤ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ ከታላላቆቹ አንዱ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምድር ቅርፊት አንድ ወጥ አይደለም፤ በግዙፍ ንጣፎች የተከፋፈለ ነው። ሱማትራ አጠገብ አንዱ ንጣፍ በሌላው ሥር ቀስ እያለ ይገባል። ሁለቱ የተጣበቁበት ቦታ ላይ ግን የላይኛው ጠርዝ አብሮ እየተጎተተ ለብዙ ዘመን ይለጠጣል። ያን ቀን ጠርዙ ድንገት ተላቀቀና ተስፈንጥሮ የባሕሩን ወለል በሜትሮች ከፍ አደረገው። ከላዩ ያለው ውኃም አብሮ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ተጓዘ። ሱናሚ ማለት ይኸው ነው። ጥልቅ ባሕር ላይ የጄት አውሮፕላን ያህል ይፈጥናል፤ ዳርቻ ሲደርስ ፍጥነቱ ይቀንስና ቁመቱ ይጨምራል።

ታዲያ ማዕበሉ የሲመሉን ሰሜናዊ ዳርቻ ለመምታት የፈጀበት ጊዜ 10 ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው። በዚያን ጊዜ ሕንድ ውቅያኖስ የሱናሚ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት አልነበረውም። ቢኖረውም እንኳ ለሲመሉ ሰዎች በጊዜው መድረሱ ያጠራጥራል። ሕዝቡ ግን «ስሞንግ! ስሞንግ!» እየተባባለ ወደ ኮረብታ ሮጠ። ከ78,000 ገደማ ነዋሪዎች መካከል የሞቱት 7 ብቻ ናቸው።

«ስሞንግ» የደሴቲቱ የራሷ ቃል ነው፤ ከባሕር የሚመጣውን ያን ጥፋት ይጠራበታል። እ.ኤ.አ. በ1907 ሱናሚ ደሴቲቱን መትቶ ብዙ ሕዝብ ፈጅቶ ነበር። የተረፉት ያዩትን ለልጆቻቸው፣ ልጆቻቸውም ለልጅ ልጆቻቸው በተረትና በእንጉርጉሮ አወረሱ። መልእክቱ አጭር ነው፦ ምድር በኃይል ከተናወጠች፣ ቀጥሎም ባሕሩ ወደኋላ ከሸሸ፣ ምንም ሳትይዝ ወደ ከፍታ ሩጥ። 97 ዓመት ሙሉ በአፍ ብቻ ሲተላለፍ ኖሮ በቀኑ ደረሰ።

ትንሽ ራቅ ብሎ ሱማትራ ላይ፣ አቼ በተባለው ግዛት፣ እንዲህ ያለ ትዝታ በሰፊው አልነበረም። ውኃው ሲሸሽ የባሕሩን ወለልና የቀሩትን ዓሦች ለማየት ወደ ዳርቻው የወረዱ ሰዎች ነበሩ። በዚያ ግዛት ብቻ ከ160,000 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም የደረሱበት ጠፋ።

አሁን ደግሞ ወደ ውቅያኖሱ ማዶ፣ ወደ እኛው ጎረቤት ወደ ሶማሊያ እንሻገር። ማዕበሉ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል አቋርጦ እዚያ ለመድረስ 7 ሰዓት ገደማ ወስዶበታል። በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ የአቼ፣ የታይላንድና የስሪላንካ ዳርቻዎች ተመትተዋል፤ ዜናውም ዓለምን እያዳረሰ ነበር። ሃፉን በምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ግን መንቀጥቀጡ አልተሰማም፤ ነጋሪም አልመጣም። አገሪቱ ለዓመታት በእርስ በርስ ጦርነት ስለቆየች ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ ለዳርቻው ሕዝብ የሚያደርስ ጠንካራ መንግሥት አልነበራትም። ሶማሊያ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች ሞቱ። ኬንያ ላይ ማዕበሉ ደከም ብሎ ቢደርስም ባለሥልጣናቱ ወሬውን ሰምተው ሰዉን ከባሕር ዳርቻ አስወጥተው ነበር፤ እዚያ የሞተው አንድ ሰው ነው።

እስቲ ሁለቱን አስተያዩ። ሲመሉ 10 ደቂቃ ነበራት፤ ሶማሊያ 7 ሰዓት። ያዳነው የጊዜው ርዝመት አልነበረም፤ ዕውቀቱ አስቀድሞ ሰዉ ጋ መድረሱ ነው። ለቅርቡ ሰው ማስጠንቀቂያው ራሱ መንቀጥቀጡ ነው፤ ያንን ለማንበብ ትምህርት ወይም ትዝታ ያስፈልጋል። ለሩቁ ሰው ግን የአያቶች ተረት ብቻውን አይበቃም፤ ምልክቱን ስለማያይ ከሩቅ የሚነግረው ይፈልጋል። ዛሬ ሕንድ ውቅያኖስ የራሱ የማስጠንቀቂያ ሥርዓት አለው። የቀረውን የመጨረሻ መንገድ፣ ማለትም ከሬዲዮው እስከ ዓሣ አጥማጁ ጆሮ ያለውን፣ የሚሞላው ግን ሰው ነው።

እናንተም አንድ ቀን ባሕር ዳርቻ ስትሆኑ ምድር በኃይል ወይም ለረጅም ጊዜ ከተናወጠች ባሕሩ እስኪሸሽ አትጠብቁ፤ አንዳንዴ ሳይሸሽ ነው የሚመጣው። ወደ ከፍታ ውጡ። የመጀመሪያው ማዕበል አለፈ ብላችሁም አትመለሱ፤ ተከታዩ ሊብስ ይችላል።