የእንሶስላ ባለቤት ማን ነው?

እናቶቻችን ለሙሽራ እጅና እግር ጌጥ፣ ለተሰነጠቀ ተረከዝም ማለስለሻ ይሆን ዘንድ ከደጋው ወንዝ ዳር ሲቆፍሩት የኖሩት የእንሶስላ ሥር፣ በሳይንስ መዝገብ ከገባ ከመቶ ሰባ ዓመት በላይ ሆኖታል። ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ አሺል ሪሻር እ.ኤ.አ. ከ1847 ጀምሮ ባሳተመው የአበሲኒያ ዕፅዋት መጽሐፍ ተክሉን «ኢምፓቲየንስ ቲንክቶሪያ» ሲል ሰየመው። ሁለተኛው ቃል በላቲን «የማቅለሚያ» ማለት ነው። የሴቶቻችን ሙያ በስሙ ውስጥ ገባ፤ ሴቶቹን ግን ያነሣቸው የለም።

ሥሩ ይወቀጣል፤ እጅና እግር ላይ ይለጠፋል፤ ተጠቅልሎ ያድራል። ሲነጋ ቆዳው ከቀይ እስከ ጥቁር ያለ ቀለም ይዞ ይገኛል። ኬሚስቶች በሥሩ ውስጥ ከሂና ቀለም ጋር የሚዛመድ፣ ፈንገስን የሚከላከል ናፍቶኪኖን የተባለ ውህድ አግኝተዋል።

እኔ በምኖርበት በኮልፌ ቀራንዮ ዛሬ በየሱቁ መደርደሪያ የሚታየው ግን «ከዕፅዋት የተገኘ አንቲኦክሲዳንት» የሚል የባሕር ማዶ ቅባት ነው። ሐሳቡ መሠረት አለው። ፀሐይ ቆዳችንን ስትመታ ኤሌክትሮን የጎደላቸው ሞለኪውሎች ይፈጠሩና ከጤናማው ሕዋስ ይነጥቃሉ፤ ፖሊፌኖልን የመሰሉ የዕፅዋት ውህዶች የጎደለውን ሰጥተው ያበርዷቸዋል። ለእንደኔ ያለ የባንክ ሠራተኛ ይህ ወለድ የማይጠየቅበት ብድር ይመስላል። ይሁንና በቤተ ሙከራ ብልቃጥ የታየ ኃይል ሁሉ በሰው ቆዳ ላይ ይሠራል ማለት አይደለም፤ የእኛም እንሶስላ፣ የእነርሱም ቅባት በዚሁ ሚዛን መመዘን አለባቸው።

የእንዶድን ታሪክ እናስታውስ። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 ዐድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ፤ ከዚያም ቢልሃርዚያን የመከላከያ መንገድ ተገኘ። በ1989ም «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ከባልደረባው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ተቀበለ። በ1990ዎቹ እንዶድ ዜብራ መስል የተባለውን ቧንቧ ደፋኝ የውኃ እንስሳ ለመግደል እንደሚያገለግል ተገልጦ በአሜሪካ የፈጠራ መብት ተመዘገበበት። አጣቢዎቹ በመዝገቡ ላይ የሉም።

አገራችን በአዋጅ ቁጥር 482/1998 የማኅበረሰብ ዕውቀት ባለቤት እንዲኖረው ደንግጋለች። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ደብተር የሌለው ተቀማጭ ምን ዋስትና አለው? እንሶስላ የሞቁ አያቶች ዛሬም በየሰፈራችን አሉ። አንባቢ ሆይ፣ ሥሩን መቼ እንደሚቆፍሩ፣ ከምን ጋር እንደሚወቅጡ፣ ለየትኛው የቆዳ ሕመም እንደሚያውሉት ጠይቀህ ከነስማቸው ጻፍ።